በሁለት መሸነፍ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን እሁድ ጠዋት ግን የዲምፕና ቱሂ ጆሮ ባዳነቱን ረስቶ ለባለቤቱ አደረ። ወተት ልትገዛ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ወጥታ፣ አንድ ዩሮ ከሠላሳ የነበረው ወተት አንድ ከስልሳ መግባቱን ከባለሱቁ ጋር ተማርራ፣ በጓሮ በር ስትመለስ በገዛ ማድ ቤቷ ውስጥ ስሟ ሲነሳ ሰማች። "በታኅሣሥ ስብሰባ በክብር እናሰናብታት" ይላል አንዱ። ድምፁ የክለቡ ሊቀመንበር የፊያክራ ኖላን ነው። "አበባ እንሰጣታለን፣ ደህና የመስታወት ሳህንም እንጨምርላታለን። እኔ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እሳት የሆነች ልጅ አለች። ዘመኑ እንደሆነ የወረቀት አይደለም።" ይህን ሲል ሹካው ሳህኑን ይነካል፤ የሚያላምጠው ቋሊማ የዲምፕና ነው፣ እንቁላሉም የሷ ነው፣ ሻዩም የሷ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ማላኪ ነበር። ዲምፕና ወተቱን እንዳቀፈች ወንድሟ አንድ ነገር እስኪል ጠበቀች። ማላኪ ዳቦውን ቅቤ ይቀባል፤ ቢላዋው ዳቦው ላይ ሲሄድ ይሰማል። ሌላ ምንም አልተሰማም።

ሆድ ይፍጀው ብላ ገባች። ወተቱን አስቀመጠች፣ ሻይ ጨመረችላቸው፣ ፊያክራም "እግዚአብሔር ይስጥሽ ዲምፕና፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" አላት። ሰው እንዲህ አፉን ሞልቶ ሲዋሽ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ለማየት ቀና አለች፤ ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነበር። የማላኪም እንዲሁ። ጨዋታ ባለበት እሁድ ሁሉ ቁርስ እዚህ መብላት የተለመደ ነው፤ ቤቱ የእናታቸው ነበር፣ የክለቡም አዳራሽ ሁለት በር አልፎ ነው። ማላኪ አሰልጣኝ ነው። ዲምፕና ደግሞ የኪልሞረን ክለብ ጸሐፊ ከሆነች ሃያ ሁለት ዓመቷ። ደመወዝ የለውም። ሁለቱም ስለ ዝናቡ ጥቂት አወሩ፣ ማላኪም የአሳማ ሥጋ ጥብሱ ዛሬ ጨው በዝቶበታል አለ። እሷም እውነትህን ነው አለችው።

እነሱ ከወጡ በኋላ ሳህን እያጠበች የማቀዝቀዣውን በር አየች። እዚያ ላይ በእጇ የጻፈችው ሠንጠረዥ ተለጥፏል። የደብሊን አንደኛ ደረጃ የአየርላንድ ባህል ኳስ ሻምፒዮና አሥራ ስድስት ክለቦች አሉት፤ አራት አራት ሆነው በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ክለብ ሦስት ጊዜ ይጫወታል፣ ያሸነፈ ሁለት ነጥብ ያገኛል። ከየምድቡ ሁለቱ ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ የተሸነፈ ቤቱ ነው። ሦስተኛ የወጣ ጫማውን ሰቅሎ ጸደይን ይጠብቃል። አራተኛ የወጣ ግን ከሌሎቹ ምድቦች አራተኞች ጋር ይተናነቃል፣ አንዱም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይወርዳል። ጽዋውን ያነሳ የሌሎች አውራጃ ሻምፒዮኖችን ገጥሞ፣ ከቀናው መላ አየርላንድን እስከ ማሸነፍ ይሄዳል። ኪልሞረን ያን ያህል ርቆ አያውቅም። ከሁለተኛ ደረጃ የወጣው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ከወጣ ወዲህም ሩብ ፍጻሜን በሌላ ሰው መስኮት እንደሚያዩት ድግስ ሲያየው ኖሯል።

ዘንድሮ መንገዱ ተከፍቷል፤ ጠባብ ነው እንጂ ተከፍቷል። ኪልሞረን ቶበርቪንን በአንድ አሸንፏል፣ በግሌናሾክ በሁለት ተሸንፏል። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ከራትደርግ ጋር ነው፤ ራትደርግ ደግሞ ቶበርቪንን በስድስት፣ ግሌናሾክን በሰባት እየረመረመ የመጣ ክለብ ነው። በዚያው ሰዓት በሌላ ሜዳ ቶበርቪንና ግሌናሾክ ይገናኛሉ፤ አንዱ የሌላውን ውጤት አይቶ እንዳይሸርብ የመጨረሻው ዙር በአንድ ሰዓት ይጀመራል። ሰው ሁሉ ግሌናሾክ ያሸንፋል ብሏል። ዲምፕና ግን ቶበርቪን ቢያሸንፍስ ብላ ሐሙስ ማታ ቁጭ ብላ አስልታዋለች። ያኔ ኪልሞረን ቢሸነፍም ሦስት ክለቦች ሁለት ሁለት ነጥብ ይዘው እኩል ይሆናሉ። ሁለት ክለብ እኩል ሲሆን እርስ በርስ ሲገናኙ ማን አሸነፈ ተብሎ ይታያል፤ ሦስት ሲሆኑ ግን ያ ሕግ ይሞታል፤ በምድቡ ሁሉ ያስቆጠሩትና የተቆጠረባቸው ይቀናነስና ልዩነቱ ይፈርዳል። እንግዲህ ሽንፈት ብቻውን ሽንፈት አይደለም፤ በስንት የሚለው ነው ነገሩ። ይህን ልትነግረው ልምምድ ሜዳ ድረስ በዝናብ ሄዳ ነበር። ማላኪ በልጆቹ ፊት ሳቀባትና "እህት ዓለም፣ እኛ ለመሸነፍ አልወጣንም። ግሌናሾክ አሸንፎናል፤ ከተሸነፍን እነሱ ይቀድሙናል፤ አለቀ። ሒሳብሽን ለቤትሽ" አላት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት እሱን ነው፤ ለሌላ ሰው ወተት ነው፣ ለሷ ሲሆን ምላሱ ይሾላል።

ከቅዳሴ መልስ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ጻፈች። ዝርዝሩ ለዳኛው የሚሰጠው በአየርላንድኛ ተጽፎ ነው፤ አባቶቻቸው እንዲያ ደንግገውታል፣ ስሙን በትክክል ያልጻፈ ክለብም በክስ ጨዋታ ተነጥቆ ያውቃል። ዲምፕና የሃያ አራቱን ልጆች ስም ከነአያታቸው ታውቀዋለች። የማንኛው ቤተሰብ ስም በየትኛው ፊደል ላይ ጭረት እንደሚፈልግ እጇ ራሱ ያስታውሳል። ያቺ ኮምፒውተር ላይ እሳት የሆነች ልጅ ይህን ታውቀው ይሆን ብላ አሰበች፤ አስባም አፈረች፣ ልጅቷ ምንም አላደረገቻትም። የጎዳት የፊያክራ ንግግር አልነበረም። ፊያክራ የመድን ድርጅት ሰው ነው፤ አሮጌ ነገር ሲያይ በአዲስ መተካት ሥራው ነው። የጎዳት ቢላዋው ዳቦ ላይ ሲሄድ የሰማችው ድምፅ ነው። እናታቸው ስትሞት ማላኪ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ጫማ የገዛችለት እሷ ናት፣ መጀመሪያ ወደ ሜዳ እጁን ይዛ የወሰደችውም እሷ ናት። ባሏን የቀበረች ሰሞን ደግሞ ቤት ውስጥ ያላበደችው ይህ ሥራ ስለነበራት ነው። ሰኞ ደብዳቤ፣ ማክሰኞ ስልክ፣ ሐሙስ ልምምድ፣ እሁድ ጨዋታ። ይህን ቢወስዱባት ከሰኞ እስከ እሁድ ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ የማንም ያልሆነ ገለልተኛ ሜዳ። መግቢያው አሥር ዩሮ ነው፤ ሻይ በወረቀት ኩባያ ሁለት ዩሮ፣ ሳንድዊች ደግሞ የአሳማ ሥጋ ብቻ። ዝናቡ የማያርስ የሚመስል ግን አጥንት የሚደርስ ዓይነት ነበር። ዲምፕና ዝርዝሩን ለዳኛው ሰጥታ፣ ከአጥሩ ሽቦ ጀርባ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቆመች። ወደ ሜዳው ጠርዝ መግባት የሚፈቀደው ለአምስት ሰው ብቻ ነው፤ የአምስቱን ስም የምትጽፈው እሷ ስትሆን ስሟን ከመካከላቸው ጽፋ አታውቅም። አጠገቧ የቆሙ ሽማግሌ ገና ኳሱ ሳይነሳ ዳኛውን መስደብ ጀምረዋል። ምን አጠፋ ብትላቸው፣ እስኪያጠፋ ከጠበቅኩ ይመሽብኛል አሏት።

ጨዋታው እንደተፈራው ከፋ። በዚህ ኳስ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች አንድ ትቆጠራለች፣ መረብ የገባች ሦስት፤ ራትደርግ ከእረፍት በፊት ሁለቱንም ዓይነት አገባና በሰባት መራ። ማላኪ ጠርዙ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ኮፍያውን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል። ከእረፍት በኋላ ግን ልጆቹ እንደ ምንም ነቁ። ታይግ ዴቬን የሚባለው አውቶቡስ ነጂ፣ ቅጣት ምት ሁሉ በሱ እግር የሚመታ፣ አንድ ባንድ እየለቀመ ልዩነቱን ወደ ሦስት አወረደው። አሥራ አራት ለአሥራ አንድ። ዲምፕና ስልኳን በእጇ ይዛለች። በሌላው ሜዳ ያለችው የቶበርቪን ጸሐፊ ኮንሴፕታ ናት፤ ክለቦቹ ቢናከሱ ጸሐፊዎቹ ይዋደዳሉ፣ ሁለቱም ለገና ካርድ የሚላላኩ ናቸው። ስልኩ ነዘረ። "አለቀ። በሦስት አሸነፍን። እናንተስ?" ይላል።

ዲምፕና ወረቀት አላስፈለጋትም፤ ሐሙስ ያሰላችው ነው። ሦስቱም ሁለት ሁለት ነጥብ። ግሌናሾክ ከሥር። ኪልሞረን እንዲህ በሦስት እንደተመራ ቢያልቅ ከቶበርቪን ጋር በልዩነት እኩል ነው፤ ያኔ ብዙ ያስቆጠረ ያልፋል፣ ብዙ ያስቆጠሩት ደግሞ እነ ኮንሴፕታ ናቸው። በሁለት ቢሸነፍ ግን ኪልሞረን በአንዲት ፍሬ በልጦ ያልፋል። አንድ ኳስ ከአግዳሚው በላይ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ይህን አስባ ሳትጨርስ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ለኪልሞረን ቅጣት ምት፣ ከጎሉ ፊት ለፊት፣ ሃያ ሜትር ላይ። ታይግ ይህን ርቀት ዓይኑን ጨፍኖ ያሳልፈዋል። ዳኛውም በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ የመጨረሻዋ ምት ናት።

ከጠርዙ ማላኪ በሁለት እጁ አፉን ከቦ ጮኸ። "ወደ ጎል! ታይግ፣ ወደ ጎል!" እኩል ለመውጣት ሦስት ያስፈልጋል፣ ሦስት የሚገኘው ደግሞ ከመረብ ነው፤ ማላኪ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። የራትደርግ ልጆች አሥራ አምስቱም ጎሉ መስመር ላይ እንደ ግድግዳ ተደርድረዋል። በዚያ መካከል ኳስ የሚያልፈው በተአምር ነው።

ዲምፕና ዝም ብላ ቆመች። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ጥሩ ሴት ናት፣ ግን ዝም ብላ ቆመች። ይምታት፣ ትመለስ፣ ይውደቁ አለች በልቧ። ሐሙስ ነግሬዋለሁ። ሒሳብሽን ለቤትሽ ብሎኛል። ማንም አያውቅ፣ ማንም አይጠይቀኝ፤ በታኅሣሥ ሳህኔን ተቀብዬ ቤቴ ስገባ እሱም ሩብ ፍጻሜን በሒሳብ ያጣ አሰልጣኝ ሆኖ ይኑር። ይህ ሐሳብ ጣፈጣት። ለአንድ አፍታ ያህል በእውነት ጣፈጣት፤ እናም ያ ጣዕም ራሱ አስደነገጣት። ታይግ ኳሱን መሬት ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ ጭቃውን ከጫማው ጠረገ። ይህ ልጅ ሌሊት አውቶቡስ ነድቶ፣ አራት ሰዓት እንኳ ሳይተኛ የመጣ ነው፤ የሱንና የማላኪን ሒሳብ እንዴት አንድ ላይ አደርገዋለሁ አለች። ደግሞም የተሳሳተ ድምር ቆሞ ማየት አትችልም፤ ሃያ ሁለት ዓመት አልቻለችም።

የሽቦውን በር ከፍታ ገባች። ለዚህ ክለቡ እንደሚቀጣ ታውቃለች፤ የቅጣቱን ደብዳቤ ተቀብላ መልስ የምትጽፈውም ራሷ ናት። ነጩን መስመር ሳታልፍ ቆማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር በምታስነሳበት ድምፅ ጠራችው።

"ታይግ! ከላይ አሳልፋት! በሁለት መሸነፍ ይበቃናል!"

ታይግ ቀና አለ። አሰልጣኙን አየ፣ እሷን አየ። "እትዬ ዲምፕና፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ጽፌዋለሁ" አለችው።

ሌላ አልጠየቃትም። ሦስት እርምጃ አፈገፈገና መታት፤ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ፣ ከቋሚዎቹ መካከል፣ ሰፈር ለሰፈር እንደሚሄድ ሰው ረጋ ብላ አለፈች። ፊሽካው ተነፋ። ራትደርጎች ተቃቀፉ። ከኪልሞረን ሰዎች መካከል ሽማግሌው "ይሄ ልጅ ከነአውቶቡሱ ይሰቀል" አሉ። ማላኪ ኮፍያውን ጭቃ ላይ ወርውሮ ወደ ታይግ ሮጠ፤ ታይግም በአገጩ ወደ ዲምፕና አሳየው። እህትና ወንድም ነጩ መስመር ላይ ተገናኙ።

"ምን አደረግሽ አንቺ?"

"አልፈናል።"

"ተሸንፈን?"

"አዎ፣ ተሸንፈን። ቶበርቪን በሦስት አሸንፏል። ሐሙስ የነገርኩህ ነው።"

ማላኪ ዞሮ ኮፍያውን ከጭቃው ሊያነሳ ሄደ። ፊያክራ ስልኩን አውጥቶ ድረ ገጹን ይነካካ ጀመር፤ ሠንጠረዡ ግን ያለፈውን ሳምንት ነው የሚያሳየው። ገጹን መልሶ ከፈተው፣ ያው ነው። አሥር ደቂቃ ያህል አንድ ክለብ ሙሉ በዝናብ ቆሞ አንድ ስልክ ዙሪያ አንገቱን አሰገገ፤ ሦስት ደቂቃ ሒሳብ የፈጀባት ሴት ደግሞ አጠገባቸው ቆማ ነበር፣ የጠየቃት የለም። በመጨረሻ ያመኑት የሻምፒዮናው ኮሚቴ ሰው መጥቶ የማላኪን እጅ ጨብጦ፣ ለሩብ ፍጻሜው እንኳን ደስ አላችሁ ሲለው ነው። ያኔ ጩኸቱ ተነሳ። ሽማግሌው ሊሰቅሉት የነበረውን ልጅ ሳሙት። ማላኪንም ትከሻውን እየመቱ "ጭንቅላት ነው ጭንቅላት!" አሉት። የሰፈሩ ጋዜጣ ልጅ ማስታወሻውን ይዞ ሲጠይቀው፣ ማላኪ ጭቃውን ከኮፍያው እያራገፈ "ቀድመን አስበንበት ነበር" አለ። ዲምፕና ይህንንም ሰማች። የዛሬ ጆሮዋ እንዲያው አልተቻለም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በክለቡ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሻይ፣ ሳንድዊች፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ በቅቤ። የረጠበ ካፖርት ሽታ አዳራሹን ሞልቶታል። ዲምፕና ከኩሽናው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የዳኛውን ወረቀት ትሞላለች። ማላኪ ሰው መካከል ቆሞ ኩባያውን ከፍ አድርጎ፣ "እንግዲህ ቀጣዩ ከማን ጋር ነው? መቼስ ነው?" ብሎ ጠየቃት።

ዲምፕና ብዕሯን አስቀመጠች። "ጸሐፊውን ጠይቅ" አለችው።

ሳቅ ሆነ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ማላኪም ፈገግ ብሎ፣ ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ አላት።

"እስከ ታኅሣሥ ነው ሲባል ሰማሁ። በአበባና በሳህን። ጠዋት ማድ ቤቴ ውስጥ።"

ሳቁ ቆመ። ፊያክራ ዘቢቡን ከዳቦው እየለቀመ ማየት ጀመረ። ታይግ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ማን ነው ያለው አለ። ማላኪ ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። "እኔ አላልኩም" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ "ዝም ነው ያልኩት።"

"አውቃለሁ። የሱን ንግግር ሰማሁ፣ ረሳሁትም። ያንተን ዝምታ ነው ቀኑን ሙሉ ስሰማ የዋልኩት።"

ይህን ስትል አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ግን ማየት የማይገባውን የቤተሰብ ነገር እንዳየ ጫማውን አየ። ማላኪ ኩባያውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ በልጅነቱ ጥፋቱን ሲናዘዝ ያወጣ በነበረው ድምፅ ተናገረ። "ከላይ አሳልፋት ያለችው እሷ ናት። እኔ ወደ ጎል ነበር ያልኩት። ሐሙስም ነግራኝ ስቄባታለሁ። ለጋዜጣው ልጅ የነገርኩት ውሸት ነው።" እንዲህ ያለውን ነገር በዚያ አዳራሽ የተናገረ አሰልጣኝ የሚያስታውስ የለም።

ወደ ጠረጴዛዋ መጥቶ ከፊቷ ባዶ ወረቀት ሳበ፣ ብዕሯንም አነሳ። በዚህ ክለብ ለሹመት የሚወዳደር ሰው ጥቆማ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ለጸሐፊው ይሰጣል፤ ሕጉ ነው። ማላኪ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ እጅ ጽሑፉ ዛሬም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይመስላል። ጽፎ ሲያበቃ ወረቀቱን ለፊያክራ አቀበለው። ፊያክራ አነበበው፣ ታይግን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከደጋፊ በሚለው ሥር ስሙን ጽፎ ፈረመ። ማላኪም ወረቀቱን ተቀብሎ በሁለት እጁ ለእህቱ ሰጣት፤ ጥቆማ የሚረከብ ጸሐፊ ነውና።

ዲምፕና መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ለመጪው ዓመት ጸሐፊነት ዲምፕና ቱሂን እጠቁማለሁ ይላል። ዓይኗ እርጥብ ሆነ፤ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገች። ከዚያም ወረቀቱን አዙራ ወደ ወንድሟ ገፋችው፣ ከጠቋሚ በሚለው ሥር ያለውንም ባዶ ቦታ በጣቷ አሳየችው።

"ያልተፈረመ አይቆጠርም" አለችው። "ፈርምበት።"